በሰመራ ሰዓት የሚጀመር ውድድር

ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ እኔ ሰመራ ኮሌጅ ተመደብኩ፤ ባለቤቴ ደግሞ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ከኤሌክትሪክ ሥራው ጋር ቀረ። ሁለቱ ከተሞች አንድ አስፋልት ላይ ናቸው፤ ያው ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ ነው። በካርታ ሲያዩት ርቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በመኪና ግን ቀኑን ይበላዋል። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ብነሳ ቅዳሜ እደርሳለሁ፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ መመለስ አለብኝ። ስለዚህ በወር አንዴ ከተገናኘን ተመስገን ነው። በቀረው ጊዜ ትዳራችን የሚኖረው ስልክ ውስጥ ነበር።

የስልክ ትዳር ደግሞ ወሬ ያልቅበታል። ማታ ማታ ይደውልና «ሞቃችሁ?» ይለኛል። ሞቆናል፤ እናንተስ እለዋለሁ። እነሱም ሞቋቸዋል። እሱ አዋሽ ላይ ሲመሽ ትንሽ ይነፍሳል ብሎ ሲኩራራ፣ እኔ ሰመራ ላይ ከቧንቧ የሚወጣው ውኃ ያለ እሳት ሻይ ሊያፈላ ምንም እንደማይቀረው እነግረዋለሁ። ከዚያ ዝም እንላለን። ዝምታው የኩርፊያ አልነበረም፤ አብሮ የሚሠራ ነገር የማጣት ነበር። አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሽንኩርት እየላጡ፣ ልብስ እያጣጠፉ ያወራሉ። እኛ ምን እንላጥ?

አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ሊንክ ላከልኝ። ስከፍተው የጀልባ ጨዋታ ነው። በኢንተርኔት የሚካሄድ የሸራ ጀልባ ውድድር፤ ሰው ሁሉ በያለበት ሆኖ አንዳንድ ጀልባ ይነዳል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አንዲት ቀስት ታሳያለች። ሸራውን ለነፋሱ ካላመቻቹት ጀልባዋ ውኃው መሐል ተገትራ ትቀራለች። ርቀው የተተከሉ ብርቱካናማ ምልክቶች አሉ፤ እነሱን ዞሮ ቀድሞ የተመለሰ አሸነፈ። እየተወዳደሩም በማዳመጫ መነጋገር ይቻላል።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ለኔ ውኃ ማለት ጠዋት ሣር ላይ የሚያድር ውርጭ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ አልጋዬን እንደ ሰመራ ሰው ሁሉ ውጭ አውጥቼ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጀልባዬን መንዳት ጀመርኩ። ወደ ፊት ስላት ወደ ኋላ ሄደች። ባለቤቴም ከአዋሽ ሆኖ ወደ ግራ በይ፣ ኧረ ግራሽን፣ ይለኛል። ግራዬን ብዬ ሄጄ ሄጄ ከሱ ጀልባ ጋር ተላተምኩ። ሁለታችንም ሳቅን። ለካስ ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም ነበር። ጎረቤቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ፣ ባሌን በጀልባ ገጭቼው ነው አልኳት። ተመልሳ ተኛች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ትንሽ ቡድን ውስጥ ገባን። ቡድኑን ያቋቋመው ፖርቱጋል የሚኖር ዳቦ ጋጋሪ ነው። ኒውዚላንድ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ድምፃቸው የሬዲዮ ተራኪ ይመስላል። ብራዚል ደግሞ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ሳትተኛ ነው የምትወዳደረው። የምንግባባው በየዓይነቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር። ሙሉ እንግሊዝኛ የነበራቸው ሽማግሌው ብቻ ናቸው፤ የሳቸውን ደግሞ ማናችንም ደህና አድርገን አንሰማውም።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ውድድሩን ሁልጊዜ የሚያደርገው እሁድ ጠዋት፣ ምድጃውን ዘግቶ ሲቀመጥ ነው። ለሱ ተመቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ ባለቤቴ እሁድ እሁድ ተረኛ ነው፤ ነርሷ አገሯ ገና ሌሊት ነው። አንድ ቀን ጽፌ አጉረመረምኩ። የእያንዳንዳችንን የዕረፍት ቀን ሳይጠይቁ ፕሮግራም ማውጣት ልክ እንዳልሆነ አስረዳሁት። መልሱ አጭር ነበር፤ እንግዲያው አንቺ አውጪው።

ያ ሰው ማንን እንደነካ አላወቀም። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ሥራዬ የክፍለ ጊዜ ድልድል ማውጣት ነው። የትኛው መምህር በየትኛው ሰዓት የትኛው ክፍል እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። ሰመራ ላይ ከሰዓት በኋላ ማስተማር ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ ጠመኔው ራሱ ያልበዋል። ሁሉም ጠዋት ጠዋት ስጪኝ ብሎ ይለምናል፤ አንዱ ያማል፣ አንዱ ይቆጣል። ስለዚህ ከጀመርኩ ጀምሮ ሕጌ አንድ ነው፤ ክፉው ክፍለ ጊዜ ይዞራል። ዛሬ አንተን ካቃጠለህ በሚቀጥለው ዙር ሌላውን ያቃጥላል። በዚህ ማንም ወዶኝ አያውቅም፤ ማንም ግን አድልተሽብኛል ብሎኝ አያውቅም።

ያንኑ ሕግ ለጀልባው አወጣሁ። አንድ ሳምንት ሽማግሌው ያመሻሉ፣ አንድ ሳምንት ነርሷ ትነቃለች፣ አንድ ሳምንት ጋጋሪው ምድጃውን ለሰው አደራ ይሰጣል፣ አንድ ሳምንት እኛ በቀትር እንቃጠላለን። ሁሉም ተስማሙ። እኔም የመጀመሪያውን ውድድር በኩራት አወጅኩ፤ ቅዳሜ፣ በኔ ሰዓት አቆጣጠር፣ አራት ሰዓት።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መነሻው መስመር ላይ ነበርኩ። ባለቤቴም ነበረ። ሌላ ማንም የለም። ጠበቅን። ባለቤቴ፣ ግዴለሽም፣ ማንም ባይመጣ አንደኛና ሁለተኛ እንወጣለን አለኝ። ሁለታችን ብቻ ተወዳደርን፤ ሁለተኛ ወጣሁ። ሰዎቹ ግን ምን ነካቸው እያልኩ ቡድኑን በልቤ ወቀስኩና ወደ ሎግያ ገበያ ሄድኩ። ከገበያ ስመለስ ስልኬ በመልእክት ሞልቷል። የኔ አራት ሰዓት የጠዋቱ ነው፤ የነሱ አራት ሰዓት ደግሞ እኛ አሥር ሰዓት የምንለው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሽማግሌው ማምሸቱ የሳቸው ተራ መስሏቸው ቡና እየጠጡ እኩለ ሌሊትን አልፈው ጠብቀውኛል። የኔ ጀልባ የለችም፣ የባለቤቴ የለችም። በሰላም ነው ወይ ብለው የጻፉት አሳስቧቸው ነበር።

እፍረት ያዘኝ። ነገሩን እንዴት እንደማስረዳ ግራ ገብቶኝ ለቢሮ ባልደረባዬ ነገርኩት። እሱ የአፋምቦ ሰው ነው፤ ሬጅስትራር ውስጥ ከኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ጀልባውን ከሰማ ጀምሮ እንደሳቀብኝ ነው። የሐይቅ አጠገብ ልጅ ነኝ፣ አንድም ቀን ጀልባ ልንዳ ብዬ አላውቅም፤ አንቺ የደጋ ሰው ውኃ በሌለበት ትቀዝፊያለሽ ይለኛል። ይሄን ሲሰማማ ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ፣ እውነቱን ንገሪያቸው እህቴ፣ እኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው በያቸው አለኝ። እንዲያው ጻፍኩላቸው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ ሰዓት እንላለን፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሽማግሌው ወደዱት። ዕድሜ ልካቸውን ሰው በጨለማ መሐል ቀን ጀመረ ሲል ግር ይላቸው እንደነበር ጻፉ። እንዲያውም ሌላ ነገር አነሱ። እነሱ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዞራሉ፤ ፖርቱጋልም እንዲሁ፤ ግን በተለያየ ወር። በዚህ ምክንያት ቡድኑ ቀድሞም በየዓመቱ ሲምታታ ኖሯል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን የማትነካ አገር ከሆነች ለምን በሷ አንቆጥርም አሉ። ነርሷ ወዲያው ተስማማች። ጋጋሪው ትንሽ አንገራገረ፤ ከዚያ እሱም ተስማማ። ከዚያ ወዲህ የቡድናችን ሰዓት የሰመራ ሰዓት ሆነ። ጋጋሪው ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ሰዓት ሰቅሎ ፎቶውን ላከልን። ደንበኞቹ ተበላሽቷል እያሉ ይነግሩታል አለ፤ እሱም የሰመራ ነው ብሎ ይመልስላቸዋል። ሰመራ የት እንደሆነ የጠየቀው ግን ማንም የለም።

ባልደረባዬ ይሄን ስነግረው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ቢሮ የገባውን ሰው ሁሉ፣ የኮሌጁን ዲን ሳይቀር፣ ፖርቱጋል ውስጥ በኛ ሰዓት ዳቦ እየተጋገረ ነው እያለ ያወራ ጀመር። እንደሱ አይደለም ብዬ ላርመው ብሞክርም አልሰማኝም።

ክረምቱ ገባ። ክረምት ለደጋ ሰው ዝናብ ነው፤ ለኛ አቧራ የሚያስነሳ ነፋስ ነው። የዙሩ የመጨረሻ ውድድር ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ተደልድሎ ነበር፤ ማምሸቱ የሽማግሌው ተራ ነው፤ በነሱ አገር እኩለ ሌሊት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ጋጋሪው አንደኛ፣ ባለቤቴ ሁለተኛ ነበሩ፤ ልዩነታቸው ጠባብ ስለነበር ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ነፋስ ብቻ ነው ያወራኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከበረሃው የተነሳ ነፋስ ሰመራን በአቧራ ሸፈናት። ሲያልፍ መብራት የለም። ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩም ጠፋ። ሌሊቱን አልመጣም፤ ቅዳሜ ጠዋትም አልመጣም።

ውድድሩን የሚከፍተው የኔ አካውንት ነው። እኔ ካልገባሁ ማንም መነሳት አይችልም፤ እንደማልገባ ለማሳወቅም ኔትወርክ የለኝም። ሽማግሌው በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ ጋቢ ባይኖራቸውም የሚለብሱትን ለብሰው፣ አሁንም እንደ መጀመሪያው ጊዜ ባዶ ውኃ ላይ ሲጠብቁኝ ታየኝ። አላስቻለኝም። ላፕቶፔን አንግቤ ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። የወንድሙ ፒክአፕ በር ላይ ቆማለች። ሚሌ መብራት ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሚሌ ጀነሬተር አለ፤ ኔትወርኩም አይጠፋም» አለኝ። «ምነው፣ ሰው ታመመ?»

የጀልባው ነገር ነው አልኩት። አየኝ። ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ ቁልፉን ሊያመጣ ገባ። ለነገሩ እኔም ሚሌ አክስቴን መጠየቅ ነበረብኝ፣ ወላሂ ለጀልባ ብዬ አይደለም አለኝ ሲወጣ። አክስቱን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

ሚሌ ስንደርስ መንገዱ ዳርና ዳር በከባድ መኪና ተሞልቷል። ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ጥላ ውስጥ ተጋድመዋል። ባልደረባዬ የሚያውቃት አንዲት የወሎ ሴት ምግብ ቤት ወሰደኝ። ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፤ ስለ መብራት ስጠይቃቸው «አብሽሪ ልጄ፣ ጀነሬተሩ ነዳጁን ጠጥቶ ነው ያደረው» አሉኝ። ሶኬት ያለበትን ጥግ ለቀቁልኝ፤ ላፕቶፑ እንዳይሞቅ ደግሞ ቬንትሌተሩን ወደኔ አዞሩት። ከስልኬ ዳታ ከፈትኩ። ሰዓቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ገባሁ።

ሁሉም መነሻው ላይ ነበሩ። ሽማግሌው አሉ፣ ነርሷ አለች፣ ጋጋሪው አለ፣ የባለቤቴም ጀልባ አለች። ከባለቤቴ ጋር ከሐሙስ ጀምሮ ሳንደዋወል ስለቆየን መጀመሪያ እሱን በአማርኛ ሰላም አልኩት። የት ነሽ አለኝ። ይጨነቃል ብዬ ቤት ነኝ አልኩት። መብራት መጣ ወይ አለኝ። መጣ አልኩ። አንተስ የት ነህ ስለው ጣቢያ ነኝ አለ። ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማኛል፤ ባቡር ነው ብዬ አለፍኩት። የኔም ጀነሬተር እንዳይሰማው ብዬ ማይክራፎኔን ዘጋሁት። ከዚያ ውድድሩን ከፈትኩ።

መልካም አነሳስ ነበር። ነርሷ ቀደመች፤ ባለቤቴና ጋጋሪው ጎን ለጎን ተከተሏት። እኔ አራተኛ ነኝ፤ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደው የተሻለ ነፋስ ይፈልጋሉ። ባልደረባዬ ከኋላዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጀመሪያ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ ያቺ ቀስት ምንድን ናት አለ። ነፋሱ ናት አልኩት። ታዲያ ለምን ፊት ለፊቷ ትሄጃለሽ፣ ግመል እንኳ አቧራ ሲመጣ ጎኑን ይሰጣል አለ። ሁለት ሾፌሮች ሻያቸውን ይዘው መጡ። አንደኛው ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደዚህ ያሉ ነጫጭ ጀልባዎች ቆመው እንዳየና፣ አንዱም ሲንቀሳቀስ እንዳላየ ነገረን። ሴትዮዋ ደግሞ ከማድ ቤት እየወጡ፣ የኛዋ የትኛዋ ናት፣ ስንተኛ ነን እያሉ ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያውን ምልክት እንደዞርን ውጭ አንድ ተሳቢ መኪና ረዥም ጥሩምባ ነፋ። ጆሮዬ ውስጥ፣ በማዳመጫው፣ ያው ጥሩምባ እንደገና ተሰማኝ፤ ከውጩ ትንሽ ዘግይቶ።

የኔ ማይክራፎን ነው ብዬ አየሁ። ዝግ ነው። ከፖርቱጋል ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መኪናው አሁንም ነፋ፤ ፍየል ሳይገባበት አልቀረም። አሁንም በጆሮዬ ተከተለ፤ በዚህኛው ጊዜ ከባለቤቴ ስም ጎን ያለችው የድምፅ ምልክት ስትበራ አየኋት።

እጄ ጀልባዋን ይዞ ቀረ፤ አንገቴ ብቻ ወደ በሩ ተመዘዘ። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ነፋሱ ገለጥ ሲያደርገው ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ታየኝ። ዳሱ ሥር አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ስልኩን በውኃ ፕላስቲክ አስደግፎ አጎንብሷል። እኔ የገዛሁለት ባለመስመር ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ጀርባው በላብ ርሷል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ጀልባው ላይ ያለ ይመስል ትከሻውንም ወደ ግራ ያዘነብላል። ባሌ ነው።

ማይክራፎኔን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ሁለት ቃል ነው።

«ዞር በል።»

እሱ ምን ያድርግ? ውድድር ላይ ነው፤ ከጋጋሪው ጋር ጎን ለጎን ነው፤ ልትጋጭ ነው ብዬ ያስጠነቀቅኩት መሰለው። ጀልባዋን በአንድ ጊዜ አዞራት። አዞራትና የጋጋሪውን ጀልባ መሐል ለመሐል ገጫት። ማዳመጫዬ በፖርቱጋልኛ ተሞላ። ነርሷ ቋንቋው ስለሚገባት ከሳቋ የተነሳ እሷም መስመሩን ስታ ሄደች።

«ጀልባዋን አይደለም» አልኩት። «አንተ ራስህ ዞር በል።»

ትከሻው ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ ዞረ። እኔ በዚያን ጊዜ መጋረጃውን ገልጬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ማዳመጫው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። አየኝ። እንደማያምን ሰው ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ አሁንም ወደኔ አየ። ከዚያ ተነሳና የውኃውን ፕላስቲክ ደፋው።

መሐል አስፋልት ላይ አልተገናኘንም፤ መኪና አለ። እሱ ከወዲያ ማዶ፣ እኔ ከወዲህ ማዶ፣ የጨው መኪና እስኪያልፍ ቆመን እንሳሳቃለን። ሲያልፍ ተሻገረ። ሰው ፊት ስለነበርን ጉንጭ ለጉንጭ ሳምኩትና ሸሚዙን ጨብጬ አልለቅም አልኩ። ነገሩን እየተቆራረጠ ነገረኝ። ተረኝነቱን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሯል። ከዓርብ ጀምሮ ሲደውል ስልኬ አልሠራ ስላለው ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና ለምኖ ጎህ ሳይቀድ ተሳፍሯል። ሾፌሩ ሚሌ ለምሳ ሲቆም ሰዓቱ ደረሰ። ልደርስብሽና በር ላይ ላስደነግጥሽ ነበር አለኝ። ስትገቢ ሳይ መብራት መጥቶላታል ብዬ ደስ አለኝ፤ ለምን ጣቢያ ነኝ እንዳልኩሽ ግን እኔም አላውቅም።

እኔም ቤት ነኝ ብዬው ነበር። ሳቅኩ ብቻ። እሱም ሳቀ። ጨርሰን ዝም ካልን በኋላ አንዳችን ሲጀምር ሌላውም ይቀጥላል፤ ሾፌሮቹ ምን ነካቸው ብለው ከመኪናቸው ሥር ቀና ቀና አሉ።

ውድድሩን ያስታወስኩት ከምግብ ቤቱ ጩኸት ስሰማ ነው። ሮጠን ገባን። ባልደረባዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ጀልባዬን እየነዳ ነው። ሽርጡን ሰብስቦ፣ አገጩን አሹሎ፣ ከነፋሷ ቀስት ዓይኑን ሳይነቅል። ሴትዮዋ ከአጠገቡ ቆመው በማማሰያው አቅጣጫ ያሳዩታል፤ ሾፌሮቹ በሁለቱም በኩል ይመክሩታል። ልቀበልህ ስለው ቆይ እህቴ፣ ቆይ፣ አሁን አትንኪኝ አለኝ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሄዷል፣ አንድ ጊዜ የዞረውን ምልክት መልሶ ዞሯል። ቢሆንም ጨረሰ። መድረሻውን ሲሻገር ምግብ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከኋላው የቀረችው የባለቤቴ ጀልባ ብቻ ናት፤ እሷ ማንም ሳይነዳት እዚያው የተጋጨችበት ቦታ ትንሳፈፋለች።

ያሸነፉት ሽማግሌው ናቸው። ሁላችንም ስንጋጭና ስንስቅ እሳቸው በመረጡት መንገድ ዝም ብለው ሄደው ደርሰዋል። ሲደርሱ ማንንም ስላላዩ የተሳሳተ መስመር ላይ የገቡ መስሏቸው ጠየቁ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማኋቸው። ጋጋሪው ግን ተናዶ ነበር። መጀመሪያ ባለቤቴ ሆን ብሎ እንደገጨው፣ ቀጥሎ እኔ በማይታወቅ ቋንቋ ትእዛዝ እንደሰጠሁት፣ ቀጥሎ ጀልባዬን ያልተመዘገበ ሰው እንደነዳት እየቆጠረ አቤቱታ አቀረበ። ሦስቱም እውነት ነው። ነርሷ ባልና ሚስቱ ድንገት እንደተገናኙ በቋንቋው ረዘም አድርጋ ነገረችው። ሚስቱን ጠራት፤ ነገሩን ለሷ ሲደግምላት እየሰማን ነው። ሚስትየው ምን እንዳለችው ባላውቅም አቤቱታውን አነሳ።

ሴትዮዋ የምሳ ሒሳብ አልቀበልም ብለው አብልተው አጠጥተው ሸኙን። ባለቤቴ የመጣበትን ሾፌር አመስግኖ ቦርሳውን አወረደ። ወደ ሰመራ ስንመለስ ሦስታችንም ፊት ወንበር ላይ ነን፤ እኔ መሐል። ፀሐይዋ ከኋላችን ናት፤ ነፋሱ አቧራውን አስፋልቱ ላይ እንደ ውኃ እየነዳው ያልፋል። ባለቤቴ ሁለተኛነቱን እንዳጣ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። በኔ ምክንያት እንደሆነ ሊከራከረኝ ሲጀምር ባልደረባዬ አቋረጠው። መንገዱን እያየ፣ ቁም ነገር እንደሚናገር ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ» አለኝ፣ «በዚያ በሚቀጥለው ዙር አንድ ሰው መጨመር ይቻላል?»

ይቻላል አልኩት፤ ማንን ነው?

«እኔን ነዋ። ግን ዓርብ ከጁምዓ በፊት አይሆንም። መግሪብ ሶላት ላይም አይሆንም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ኢንሻአላህ ከኢፍጣር በኋላ ታደርጊልኛለሽ።»

ባለቤቴ ከወዲያ በኩል፣ የኔም ተረኝነት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይቀየራል፣ እሁድ ነፃ ልሆን ነው አለ። ነርሷም ጠዋት ላይ አንድ ኮርስ ልትጀምር እንደሆነ ጽፋልኝ ነበር። ስድስት ሰው፣ አራት አገር፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ምድጃ። ስልኬን አወጣሁ፤ ሎግያ እስክንደርስ በሁለቱ መሐል ተጨፍልቄ፣ ክፉው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ በማን ላይ እንደሚያርፍ መደልደል ጀመርኩ።